ማርጋሬት ሄይሊ፦ የግብር መዝገብ የገለጠችው የስድስተኛ ክፍል መምህርት

መምህር ሠራተኛ ነውን? ወይስ ሙያው የተከበረ ስለሆነ ብቻ ስለ ደመወዙ መናገር የሚያሳፍረው፣ ከሠራተኛው መደብ ከፍ ብሎ፣ ከሀብታሙ ደጃፍ ግን ዝቅ ብሎ የቆመ የመሐል ሰው ነው? ይህ ጥያቄ በሠራተኛው እንቅስቃሴ ታሪክ ውስጥ ብዙ ቀለም አፍስሷል። የከበርቴው ኅብረተሰብ ለጥያቄው የሚሰጠው መልስ ከጥንት ጀምሮ የታወቀ ነው። መምህሩን በአደባባይ ያሞግሰዋል፤ የትውልድ አናጢ፣ የዕውቀት ብርሃን ይለዋል፤ ወር ሲደርስ ግን ከውዳሴው በቀር የሚጨምርለት ነገር የለም። መምህሩ ተደራጅቶ መብቱን ሲጠይቅ ደግሞ ውዳሴው ወዲያውኑ ወደ ተግሣጽ ይለወጣል።

ለዚህ ጥያቄ በንድፈ ሐሳብ ሳይሆን በተግባር መልስ ከሰጡት መካከል ቀደምት ሥፍራ የሚሰጣት በአሜሪካ የቺካጎ ከተማ የአንደኛ ደረጃ መምህርት የነበረችው ማርጋሬት ሄይሊ ናት። ሄይሊ የፍልስፍና መጽሐፍ አልጻፈችም፤ የፖለቲካ ፓርቲም አልመሠረተችም። ያደረገችው ነገር ሲናገሩት ቀላል ነው፦ የመምህራን ደመወዝ የሚከፈልበት ገንዘብ የለም በተባለ ጊዜ ገንዘቡ የት እንደ ገባ ፈለገች፤ አገኘችውም። የሕይወት ታሪኳ ለማንኛውም ሠራተኛና ለማንኛውም የሠፈር ነዋሪዎች ማኅበር አባል ሊነገር የሚገባውም ከሁሉ በላይ በዚህ ምክንያት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ማርጋሬት ሄይሊ በኖቬምበር 15 ቀን 1861 በኢሊኖይ ክፍለ ግዛት በጆሊየት ከተማ ከአየርላንዳውያን ቤተሰብ ተወለደች። አየርላንድ በዚያን ዘመን በእንግሊዝ ባላባቶች የመሬት ዘረፋና በረሀብ ሕዝቧ የተበተነ አገር ነበረች፤ ወደ አሜሪካ የፈለሱት ልጆቿም የጭሰኛውን ታሪክ በልባቸው ይዘው ነበር የሄዱት። አባቷ በድንጋይ ካባ ሥራ የሚተዳደርና ናይትስ ኦፍ ሌበር በተባለው የዚያ ዘመን ታላቅ የሠራተኞች ድርጅት የታቀፈ ሰው ነበር። ስለ ልጅነቷ ከሚነገሩት ነገሮች አንዱ ጠባይዋ ከየት እንደ መጣ ያሳያል። የሰውን ባሕርይ ከራስ ቅሉ ቅርጽ አነባለሁ የሚል አንድ ተናጋሪ በአደባባይ ስብሰባ ላይ ለሴቶች የመምረጥ መብት በምትታገለው በሱዛን አንቶኒ ላይ ሲያፌዝ፣ አባቷ ቤተሰቡን አስነሥቶ አዳራሹን ጥሎ ወጣ። የአባቷ ሥራ ሲዳከም ግን ቤተሰቡ በክብር ብቻ ሊኖር አልቻለምና፣ ማርጋሬት ገና በ16 ዓመቷ በአንዲት የገጠር ትምህርት ቤት ማስተማር ጀመረች።

በ1880ዎቹ ዓመታት መጀመሪያ ወደ ቺካጎ መጣች። ቺካጎ በዚያን ጊዜ የአሜሪካ ካፒታሊዝም ያለ መጋረጃ የሚታይባት ከተማ ነበረች። የሕዝቧ ቁጥር በ1890 ከአንድ ሚሊዮን አልፎ፣ ከ10 ዓመት በኋላ 1 ሚሊዮን 700 ሺህ ገደማ ደረሰ። ከዚህ ሕዝብ አብዛኛው ከአየርላንድ፣ ከጀርመን፣ ከፖላንድ፣ ከቦሄሚያና ከሌሎችም አገሮች የመጣ ስደተኛ ወይም የስደተኛ ልጅ ነበር። ሄይሊ ከ1884 እስከ 1900 ለ16 ዓመታት ያስተማረችው ሄንድሪክስ በሚባል ትምህርት ቤት በስድስተኛ ክፍል ነው። ትምህርት ቤቱ የሚገኘው በታላቁ ቄራ ሠፈር ነበር፤ ተማሪዎቿም ቀኑን ሙሉ ደም ውስጥ ቆመው ሥጋ ሲቆርጡና ሲያሽጉ የሚውሉ ወዛደሮች ልጆች ነበሩ። በቺካጎ በአንድ ክፍል እስከ 60 ሕፃናት ታጉረው መማራቸው የተለመደ ነበር። ከእነዚህ ብዙዎቹ በቤታቸው የሚናገሩት ቋንቋ እንግሊዝኛ አልነበረም፤ ከስድስተኛ ክፍል በኋላም አብዛኞቹን የሚጠብቃቸው ፋብሪካ እንጂ ሌላ ትምህርት ቤት አልነበረም።

የአንደኛ ደረጃ መምህራኑ ከሞላ ጎደል ሁሉም ሴቶች ነበሩ። ደመወዛቸው በዓመት ከ500 ዶላር ይጀምርና ከብዙ ዓመታት አገልግሎት በኋላ በ825 ዶላር ይቆም ነበር፤ ይህም ጣሪያ ለ20 ዓመታት ያህል ሳይነካ ኖሯል። በሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት የሚያስተምሩ ወንዶች የሚያገኙት ከዚህ እጅግ የላቀ ነበር። ሴቶቹ የመምረጥ መብት አልነበራቸውም፤ የሚያስተዳድራቸውን የትምህርት ቦርድ የሚሾመው ከንቲባ ሲመረጥም ድምፃቸው አይቆጠርም ነበር። አንድ ሰው ከዚህ በላይ የሚታዘዝና ከዚህ ያነሰ የሚጠየቅ የሥራ ኃይል ይፈጠርልኝ ብሎ ቢመኝ የተሻለ ሊያገኝ ባልቻለም ነበር።

መነሻው የጡረታ ጉዳይ ሆነ። በ1895 የኢሊኖይ ምክር ቤት ከመምህራን ደመወዝ ከመቶ አንድ እየተቆረጠ የጡረታ ገንዘብ እንዲቋቋም ሕግ አወጣ። ይህ ለሴቶቹ የመጀመሪያው የእርጅና ዋስትና ነበር። ይሁን እንጂ ደመወዛቸው ከፍ ያለው ርእሰ መምህራንና ሌሎችም መዋጮው በዛብን ብለው ሕጉን ለማፍረስ ተንቀሳቀሱ። በማርች 1897 የቺካጎ የመምህራን ፌዴሬሽን የተመሠረተው ይህን የጡረታ ሕግ ለመከላከል ነው። ካትሪን ጎጊን የምትባለው፣ ረጋ ያለችና ነገር የምታመዛዝን መምህርት ከመሪዎቹ አንዷ ስትሆን፣ ሄይሊ በ1898 ገባችበት። ሁለቱ ሴቶች ከዚያ በኋላ ለ18 ዓመታት ያህል እንደ አንድ ሰው ሠሩ። ሄይሊ ቁመቷ አጭር፣ ንግግሯ ፈጣን፣ በክርክር የማትበገር ስትሆን፣ የጎጊን ትዕግሥት ግን ፌዴሬሽኑን ከብዙ ጥፋት አድኖታል። በጥቂት ጊዜ ውስጥ ከከተማው የአንደኛ ደረጃ መምህራን ከግማሽ በላይ የሚሆኑት አባል ሆኑ።

ፌዴሬሽኑ ገና እግሩን ሲተክል ነበር ሌላ ፈተና የገጠመው። በ1899 በሮክፌለር ገንዘብ የተቋቋመው የቺካጎ ዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንት ዊልያም ሃርፐር ያዘጋጀው ሕግ ለምክር ቤት ቀረበ። ሕጉ የትምህርት ቤቶቹን አስተዳደር ሥልጣን በአንድ የበላይ ተቆጣጣሪ እጅ የሚያጠቃልል ነበር። ዘመናዊ አሠራርና ቅልጥፍና የሚል ስም ተሰጠው። መምህራኑ ግን በስሙ ሥር የተቀመጠውን አነበቡ፦ ትምህርት ቤቱ እንደ ፋብሪካ፣ ተቆጣጣሪው እንደ ሥራ አስኪያጅ፣ መምህሩ እንደ ማሽን ተጠባባቂ ሊሆን ነው። ፌዴሬሽኑ ፊርማ አሰባስቦ፣ በየምክር ቤት አባሉ ደጃፍ ቆሞ ሕጉን አስጣለው።

አሁን ወደ ዋናው ነገር እንመጣለን። በ1898 የትምህርት ቦርዱ ለብዙ ዓመታት ቆሞ የነበረውን ደመወዝ በየዓመቱ ደረጃ በደረጃ ከፍ ለማድረግ ወስኖ ነበር። ብዙም ሳይቆይ ግን ካዝናው ባዶ ነው ተባለና ጭማሪው ታጠፈ። በየትኛውም አገር ሠራተኛ ይህን ቃል ያውቀዋል። ገንዘብ የለም ሲባል ሠራተኛው ከሁለት አንዱን ያደርጋል፤ ወይ አንገቱን ደፍቶ ይመለሳል፣ ወይም በቁጣ ይጮሃል። ሄይሊና ጎጊን ሦስተኛ መንገድ መረጡ። በ1900 ከክፍላቸው ፈቃድ ወስደው፣ በፌዴሬሽኑ አባላት መዋጮ እየተዳደሩ፣ የግብር መዝገብ ማንበብ ጀመሩ። ሄይሊ ከዚያ በኋላ ወደ ክፍል አልተመለሰችም፤ የፌዴሬሽኑ ቋሚ ሠራተኛ ሆና ቀረች።

ያገኙት ነገር ምን እንደ ነበረ በሚገባ መረዳት ያስፈልጋል። የቺካጎ ትምህርት ቤቶች የሚተዳደሩት ከንብረት በሚሰበሰብ ግብር ነው። ትንሽ ጎጆ ያለው ወዛደር ጎጆውን ሊደብቃት አይችልም፤ ገማቹ መጥቶ ያያታል፣ ይተምናታል፣ ባለቤቷም ይከፍላል። ነገር ግን በከተማይቱ ውስጥ በዓይን የማይታይ ታላቅ ንብረት ነበር። የትራም ኩባንያዎች፣ የጋዝ፣ የኤሌክትሪክና የቴሌፎን ኩባንያዎች የሕዝቡን መንገድ ቆፍረው ሐዲድ የሚዘረጉበት፣ ቧንቧ የሚቀብሩበት፣ ሽቦ የሚስቡበት ልዩ ፈቃድ ከከተማው ያገኙ ነበር። ያለዚህ ፈቃድ ሐዲዱ ብረት፣ ቧንቧውም ቁርጥራጭ ነው። የኩባንያዎቹ አክሲዮን በገበያ በብዙ ሚሊዮን ዶላር የሚሸጠው በብረቱ ዋጋ ሳይሆን በፈቃዱ ዋጋ ነበር። የኢሊኖይ ሕግም ይህ ዋጋ እንደ ማንኛውም ንብረት ግብር እንዲከፈልበት በግልጽ ያዝዝ ነበር። ትመናውን የማድረግ ኃላፊነት የተሰጠው በዋና ከተማዋ በስፕሪንግፊልድ ለሚቀመጥ አንድ የክፍለ ግዛቱ የግብር ቦርድ ነው። ቦርዱ ግን የእነዚህን ታላላቅ ኩባንያዎች ፈቃድ ሳይተምን ዓመታት አሳልፏል። ሕጉ በመጽሐፍ ነበረ፤ ገንዘቡ በአክሲዮን ባለቤቶቹ ኪስ ነበረ፤ በሁለቱ መካከል የቆሙት ሹማምንትም ዝም ብለው ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ሴቶቹ ምስጢር ሰርቀው አለማውጣታቸው ነው። የተጠቀሙበት ሰነድ ሁሉ ለማንም ክፍት ነበር። የአክሲዮን ዋጋ በየቀኑ በጋዜጣ ይታተማል፤ የግብር መዝገቡ በመንግሥት ቢሮ ተቀምጧል፤ ሕጉም ታትሞ ይሸጣል። የከበርቴው ሥርዓት ከሚተማመንባቸው ምሽጎች አንዱ ሠራተኛው እንዲህ ያለውን ደረቅ ወረቀት አያነብም የሚለው እምነት ነው። የሒሳብ ደብተር ሲያርሙ የኖሩ ሴቶች ይህን ምሽግ መጀመሪያ መስበራቸው አይደንቅም።

በኦክቶበር 1900 ፌዴሬሽኑ በቺካጎ ሕዝባዊ ስብሰባ ጠርቶ ያገኘውን ይፋ አደረገ። ከዚያም ሰነዱን ይዘው ወደ ስፕሪንግፊልድ ቦርድ ሄዱ። ቦርዱ ሰማቸው፤ ምንም አላደረገም። ስለዚህ ቦርዱ በሕግ የተጣለበትን ግዴታ እንዲፈጽም እንዲታዘዝላቸው ፍርድ ቤት ከሰሱት። ዳኛው ለመምህራኑ ፈረደ፤ በኦክቶበር 1901 የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔውን አጸናው። ኩባንያዎቹ በበኩላቸው ወደ ፌዴራል ፍርድ ቤት ሮጡ። እዚያ የተገኙት ዳኞች ለባለሀብት ጆሯቸው የቀረበ ስለነበር የግብሩ መጠን በብዙ ተቀነሰ። ሆኖም ተቀናንሶ የተረፈው 600 ሺህ ዶላር ገደማ ሲሆን፣ ከዚህ ውስጥ ሩብ ሚሊዮን ዶላር ያህሉ የትምህርት ቦርዱ ድርሻ ሆነ።

ድል ይመስላል። ቦርዱ ግን በመምህራኑ ጥረት የተገኘውን ገንዘብ ለመምህራኑ ደመወዝ ሳይሆን ለድንጋይ ከሰልና ለሕንፃ ጥገና መደበው። መምህራኑ እንደገና ፍርድ ቤት ቀረቡ፤ በዚህ ጊዜ የገዛ አሠሪያቸውን ከሰሱ። ጉዳዩን ያየው ኤድዋርድ ደን የተባለው ዳኛ በ1904 ጭማሪው ይገባቸዋል ሲል ፈረደ። በሚቀጥለው ዓመት ደን የቺካጎ ከንቲባ ሆኖ ተመረጠ።

ይህ ትግል በመካሄድ ላይ ሳለ ሄይሊ አንድ ነገር ተገነዘበች። ሕግና ማስረጃ ብቻውን ኃይል አይሆንም። የሴቶቹ ድምፅ በምርጫ አይቆጠርም፤ ፌዴሬሽኑ ብቻውን ቢቆም ዛሬ ያሸነፈውን ነገ ይነጠቃል። በአንጻሩ የተማሪዎቻቸው አባቶች፣ የቄራው፣ የባቡሩና የግንባታው ሠራተኞች፣ በቺካጎ የሠራተኛ ፌዴሬሽን ተደራጅተው ነበር፤ የመምረጥ መብትም አላቸው። በኖቬምበር 1902 የመምህራኑ ፌዴሬሽን የዚህ የሠራተኛ ፌዴሬሽን አባል እንዲሆን ተወሰነ። ቀላል ውሳኔ አልነበረም። ብዙዎቹ መምህራን ጓንት አጥልቀው፣ ባርኔጣ ደፍተው ወደ ሥራ የሚሄዱ፣ ከወላጆቻቸው የወዛደር ቤት በትምህርት የወጡ ሴቶች ነበሩ። ከሥጋ ቆራጭና ከጋሪ ነጂ ጋር በአንድ ማኅበር መቀመጥ ወደ ኋላ መመለስ የሚመስላቸው አልጠፉም። ጋዜጦችም ይህንኑ ስሜት እየቆሰቆሱ፣ መምህር ከሠራተኛ ማኅበር ጋር ሲያብር ክብሩን ይጥላል እያሉ ጻፉ። ሄይሊ የምትመልሰው ክርክር ቀጥተኛ ነበር፦ የሚቀጥረንም የሚያባርረንም የከተማው ካዝና ነው፤ ካዝናውን የሚያራቁቱት የወላጆቹን ደመወዝ የሚቆርጡት ሰዎች ናቸው፤ እንግዲህ ከማን ጋር ልንቆም ይገባናል?

ከፍተኛ ባለሥልጣናቱ እንዴት እንደ ተመለከቷት ለመረዳት በ1901 በዲትሮይት ከተማ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። በ1857 የተመሠረተው ብሔራዊ የትምህርት ማኅበር የዩኒቨርሲቲ ፕሬዝዳንቶችና የበላይ ተቆጣጣሪዎች የሚመሩት ጉባኤ ነበር፤ ተራ መምህርት መዋጮ ትከፍላለች፣ አዳራሹን ትሞላለች፣ ታጨበጭባለች እንጂ አትናገርም። በዚያ ዓመት የአገሪቱ የትምህርት ኮሚሽነር ዊልያም ሃሪስ ትምህርት በባለሀብቶች ልግስና እየበለጸገ መሄዱን ሲያወድስ ሄይሊ ከተሰብሳቢው መሐል ተነሣች። ኩባንያዎች መጀመሪያ የሚገባቸውን ግብር ይክፈሉ፤ ከዚያ በኋላ ስለ ስጦታቸው እንነጋገራለን ስትል ተቃወመች። ኮሚሽነሩ ክርክሯን በክርክር አልመለሰም፤ በዓመቱ መጨረሻ የደከማት የአንደኛ ደረጃ መምህርት የምትናገረውን ከቁም ነገር አትቁጠሩት ብሎ አለፋት። ከ3 ዓመት በኋላ በሴንት ሉዊስ ከተማ ይኸው ማኅበር መድረኩን ለሄይሊ ሰጠ። እርሷም መምህራን ለምን መደራጀት እንደሚገባቸው ባደረገችው ንግግር የደመወዝን ማነስ፣ የሥራ ዋስትናና የጡረታ እጦትን፣ የክፍሎችን መጨናነቅ ዘርዝራ፣ መምህሩ የሌላ ሰው ሐሳብ አስፈጻሚ ብቻ የሚሆንበትን አሠራር ከፋብሪካ ጋር አነጻጽራ አጋለጠች።

ከንቲባ ደን በ1905 ሥልጣን ሲይዝ የትምህርት ቦርዱን ለሠራተኛው በሚቀርቡ ሰዎች አዋቀረው። አዲሱ ቦርድ ከተመለከታቸው ጉዳዮች አንዱ የትምህርት ቤት መሬት ነበር። በከተማዋ እምብርት ለትምህርት ቤቶች መተዳደሪያ የተመደበ ውድ መሬት ለረጅም ዘመን ተከራይቶ ነበር፤ ከተከራዮቹም አንዱ ቺካጎ ትሪቢዩን ጋዜጣ ነበር። የመሬቱ ዋጋ ከጊዜ ወደ ጊዜ እየታየ ኪራዩ እንዲሻሻል የሚያዝዘው አንቀጽ በ1895 ከጋዜጣው ውል ተሠርዟል። መምህራኑን ክብራችሁን ጠብቁ እያለ ሲመክር የኖረው ጋዜጣ በሕፃናቱ መሬት ላይ በርካሽ ኪራይ ተቀምጦ ነበር ማለት ነው። ቦርዱ ከሰሰ፤ ተሸነፈም። በ1907 ደን በምርጫ ሲሸነፍ ተከታዩ ከንቲባ ከቦርዱ አባላት ብዙዎቹን አባረረ።

ከዚያ በኋላ ያሉት ጥቂት ዓመታት ለሄይሊ ደግ ነበሩ። በ1909 ኤላ ፍላግ ያንግ የቺካጎ ትምህርት ቤቶች የበላይ ተቆጣጣሪ ሆነች፤ በአሜሪካ የታላቅ ከተማን ትምህርት ቤቶች ስትመራ የመጀመሪያዋ ሴት ነበረች። መምህራን ሳያውቁት በምስጢር ነጥብ ይሰጣቸው የነበረውን አሠራር አስቀረች። በ1910 በመምህራኑ ድጋፍ የብሔራዊ የትምህርት ማኅበር ፕሬዝዳንት ሆና ተመረጠች፤ ይህም ለሴት የመጀመሪያ ነበር። በ1913 የኢሊኖይ ሴቶች በአንዳንድ ምርጫዎች የመሳተፍ መብት አገኙ። በዚያው ዘመን የንግድ ሰዎች የሠራተኛውን ልጆች ከ14 ዓመታቸው ጀምሮ ለይቶ ወደ ሙያ ትምህርት ቤት የሚያስገባ፣ በተለየ ቦርድ የሚተዳደር ሁለተኛ የትምህርት ሥርዓት ለማቋቋም ሕግ አቅርበው ነበር። የሠራተኛው ፌዴሬሽንና መምህራኑ አንድ ላይ ሆነው ተቃወሙት፤ ሕጉም ወደቀ። በእኛ አስተያየት ይህ ድል ከደመወዙ ድል ያላነሰ ነው፤ የከሸፈው ሕግ የአንድን ልጅ ዕድል በአባቱ የሥራ ልብስ ሊወስን የነበረ ነውና።

መልሶ ማጥቃቱ በ1915 መጣ። የትምህርት ቦርዱ አባል ጄኮብ ሎብ ባቀረበው ሐሳብ መሠረት፣ ማንኛውም መምህር ከሠራተኛ ማኅበር ጋር የተያያዘ ወይም ቋሚ ተከፋይ ሠራተኞች ባሉት የመምህራን ድርጅት ውስጥ አባል እንዳይሆን የሚከለክል ደንብ ወጣ። ስሟ አልተጠራም እንጂ ደንቡ የተሰፋው በሄይሊ ልክ ነበር። ፍርድ ቤት የእግድ ትእዛዝ ሰጠ። በጃንዋሪ 1916 ካትሪን ጎጊን በቺካጎ መንገድ ላይ በጭነት መኪና ተገጭታ ሞተች። ሄይሊ የትግል ጓደኛዋን ቀብራ ከ3 ወር ገደማ በኋላ፣ በኤፕሪል 15 ቀን 1916፣ የቺካጎና የሌሎች ከተሞች የመምህራን ማኅበራት ተሰብስበው የአሜሪካ የመምህራን ፌዴሬሽንን መሠረቱ። የቺካጎ ሴቶች ማኅበር የዚህ አዲስ ድርጅት ቅርንጫፍ ቁጥር 1 ተባለ። በጁን ወር ቦርዱ 68 መምህራንን እንደገና ሳይቀጥር ቀረ። ከመካከላቸው ብዙዎቹ የፌዴሬሽኑ አባላት ሲሆኑ፣ የአብዛኞቹ የሥራ ውጤት ጥሩና እጅግ ጥሩ ተብሎ በራሱ በቦርዱ መዝገብ የተመዘገበ ነበር።

በ1917 የኢሊኖይ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቦርዱ በፈለገው ምክንያት፣ ወይም ያለ ምንም ምክንያት፣ መምህርን አልቀጥርም ማለት እንደሚችል ፈረደ። ከ16 ዓመት በፊት መምህራኑ ያሸነፉበት ፍርድ ቤት ነው። በዚያው ዓመት ፌዴሬሽኑ ከአሜሪካ የመምህራን ፌዴሬሽንም ከሠራተኛው ፌዴሬሽንም ወጣ፤ የተባረሩት መምህራንም ወደ ሥራቸው ተመለሱ። በዚያው ወቅት የወጣው የኦቲስ ሕግ ከ3 ዓመት የሙከራ ጊዜ በኋላ ለመምህራን የሥራ ዋስትና ሰጠ።

በዚህ እርምጃ የተነሣ ሄይሊን የሚወቅሷት አሉ። ለ15 ዓመታት የሰበከችውን የመምህርና የሠራተኛ አንድነት በአንድ ቀን ጥላ ወጣች ይሏታል። ወቀሳው ሙሉ በሙሉ መሠረተ ቢስ አይደለም። የሄይሊ ትግል ከመነሻው ጀምሮ በሕግና በፍርድ ቤት ላይ እጅግ ተማምኖ ነበር፤ የሕጉ ባለቤት ማን እንደሆነ የሚለውን ጥያቄ እስከ መጨረሻው አልጠየቀም፤ የጥገና ለውጥ ወሰኑም እዚህ ላይ ታይቷል። ይሁን እንጂ ወቃሾቹ በዚያ ክረምት ደመወዝ ያጡት እነርሱ አልነበሩም። የቺካጎ መምህራን በሥራ ማቆም የመታገል ልምድ አልነበራቸውም፤ አገሪቱ ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት የገባችበት ዓመት ስለነበር ጊዜውም ለማንኛውም የሠራተኛ ማኅበር ክፉ ነበር። ሄይሊ የማኅበሩን ስም ሰጥታ የሰዎቹን እንጀራ አስመለሰች። እኛ እርምጃውን እንደ ክህደት አንቆጥረውም። ሽንፈት መሆኑን ግን መሸፈን አይገባም፤ ማኅበሩ ከዚያ በኋላ የቀድሞ ኃይሉን መልሶ አላገኘምና።

በ1920ዎቹ ዓመታት ሄይሊ እንደገና ወደ ግብሩ መዝገብ ተመለሰች። በቺካጎ የታላላቅ ሕንፃዎች ዋጋ ዝቅ ተደርጎ መተመኑን ማኅበሯ አጋለጠ፤ በ1928 ንብረቱ ሁሉ እንደ አዲስ እንዲተመን ታዘዘ። ዳግም ትመናው ሲጓተትና ባለሀብቶቹ ግብር አንከፍልም ብለው ሲያምፁ የ1929ኙ የኢኮኖሚ ቀውስ ደረሰ። ካዝናው በእውነት ባዶ ሆነ። የቺካጎ መምህራን ለወራት ያለ ደመወዝ አስተማሩ፤ አንዳንድ ጊዜም በጥሬ ገንዘብ ፈንታ ሱቆች ዋጋውን ቀንሰው የሚቀበሉት የተስፋ ወረቀት ተሰጣቸው። በኤፕሪል 1933 በሺህ የሚቆጠሩ መምህራን ወደ ከተማዋ ታላላቅ ባንኮች ሰልፍ ወጡ። ሰልፉን የመሩት ግን ወጣቶች ነበሩ እንጂ ሄይሊ አልነበረችም። ዕድሜዋ ከ70 አልፎ ነበር፤ ማስረጃ፣ ጠበቃና አቤቱታ የለመደ እጇ ለአዲሱ የአደባባይ ትግል አልተመቸም። በዚያው ዓመት በጁላይ ወር ቦርዱ 1 ሺህ 400 ያህል መምህራንን ከሥራ አስወጣ። ውዝፉ ደመወዝ የተከፈለው በ1934 ከፌዴራል መንግሥት በተገኘ ብድር ነው።

በ1937 በከተማዋ ተበታትነው የነበሩት የመምህራን ማኅበራት ተዋሕደው የቺካጎ መምህራን ማኅበርን መሠረቱ። አንድ ጊዜ የሄይሊ ማኅበር ይጠራበት የነበረውን ቅርንጫፍ ቁጥር 1 የሚለውን ስያሜም አዲሱ ማኅበር ያዘ። ሄይሊ አልገባችም። የሁለተኛ ደረጃ መምህራን ወንዶች የአንደኛ ደረጃ ሴቶችን ይውጣሉ የሚለው የቆየ ጥርጣሬዋ፣ መሪነትንም ለሌላ ለማስረከብ አለመፍቀዷ ከለከሏት። መላ ሕይወቷን ስለ መደራጀት የታገለች ሴት ትልቁ ድርጅት ሲመሠረት ከበሩ ውጭ መቆሟ ያሳዝናል፤ በየአገሩ በሠራተኛ ማኅበራት አንጋፋ መሪዎች ላይ የደረሰ ነገር መሆኑም አይካድም።

ማርጋሬት ሄይሊ በጃንዋሪ 5 ቀን 1939 በ77 ዓመቷ ሞተች። የቺካጎ የመምህራን ፌዴሬሽን እየሳሳ ሄዶ በ1968 ፈረሰ። በእርጅናዋ ያዘጋጀችው የሕይወት ታሪኳ ለመታተም የበቃው በ1982፣ ከሞተች ከ43 ዓመት በኋላ ነው። የማኅበሯ ደብዳቤዎች፣ ቃለ ጉባኤዎችና የፍርድ ቤት ወረቀቶች በቺካጎ የታሪክ ሙዚየም ቤተ መዛግብት ተቀምጠዋል፤ ከእነርሱም መካከል ስለ ትራሙ፣ ስለ ጋዙ፣ ስለ ኤሌክትሪኩና ስለ ቴሌፎኑ ኩባንያዎች ግብር የተሰበሰቡት ሰነዶች ይገኛሉ።